ጣሪያ በሌላት መኪና ሽምግልና

ይህን የምጽፈው ወልቂጤንና ቡታጅራን ሄዶ ለማያይ ሰው ስለሆነ አስቀድሜ እውነቱን ልናገር። ከአገሩ ውበት ያየሁት ጥቂት ነው። የመንገዱን እኩሌታ ዓይኔ አቧራ ገብቶበት፣ እኩሌታውን ደግሞ መኪናዬ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው ያሳለፍኩት። የተራሮቹን ከፍታ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልስ የለኝም። የጉንችሬ ጭቃ ከወልቂጤ ጭቃ በምን እንደሚለይ ግን ከእኔ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቅ። አዲስ አበባ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው በሳጥን በሳጥን አድርጎ ያስመጣት ተገጣጣሚ የስፖርት መኪና ናት። ሰውየው ሳይገጣጥማት ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሳጥኖቹ እኔ እጅ ገቡ። አካሏ ፋይበር ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ በርም ጣሪያም የላትም፤ ቁመቷ ከቆመ ሰው ወገብ አይደርስም። ሞተር ሳጥኖቹ ውስጥ ስላልነበረ የአሮጌ ቮልስ ሞተር ከኋላ አስቀመጥኩላት። እኔ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የንድፍ አስተማሪ ነኝ። ወረቀት ላይ የሳልኳት መኪና እስከ ዛሬ አንድም ቀን መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም።

እንዲህ ያለች መኪና የምትሮጠው በጉልበቷ ሳይሆን በቅለቷ ነው። ይህን ከተረዳሁ ጀምሮ ማቅለል አመል ሆነብኝ። ፓራውልቷንና ስኮርታ ጎማዋን ፈታሁ። የዝናብ መጥረጊያዋን ነቀልኩ። የቤንዚን መለኪያውን አውጥቼ በቀጭን እንጨት መለካት ጀመርኩ። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎቿን በመሰርሰሪያ በሳስቼ ወንፊት አስመሰልኳቸው። በመጨረሻ ሞተሪኖው ከበደኝና እሱንም አወጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ በግፊ ካልሆነ አትነሳም። እናቴ አንድ ቀን ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ "ሰው መኪና ሲሠራ ይጨምራል፤ የእኔ ልጅ ይቀንሳል" ብላ ገባች። እኩዮቼ ቤት ሲሠሩ፣ ሲያገቡ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔ ብሎን ስሞርድ አርባ ዓመቴን ደፈንኩ።

ከዚያ ሰናይት መጣች። ቡታጅራ የምታስተምር መምህርት ናት፤ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ስትመጣ ንድፍ አስተማርኳት። በሁለተኛው ክረምት እሷም እኔም የምንፈልገውን አወቅን፤ የቀረው አባቷን መጠየቅ ነበር። ለሽምግልናው የሟች አባቴን ጓደኛ ጋሽ ደግፌን ለመንኳቸው። ጋሽ ደግፌ የጉንችሬ አገር ሰው ናቸው፤ መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው ሱቁን ለልጆቻቸው የለቀቁ፣ ቃላቸው የሚከበር፣ ሰውነታቸውም እንደ ቃላቸው ከበድ ያለ ሽማግሌ።

ወጉ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ የሚሄድ ልጅ አልታየም፣ አልተሰማም። እኔ ግን ጋሽ ደግፌ በእኔ መኪና ካልሄዱ ብዬ ድርቅ አልኩ። ለሳቸው ብዙ ምክንያት ደረደርኩ፤ እውነተኛው ምክንያት ግን መኪናዋ የሰናይት አባት ደጅ ላይ ቆማ፣ ሰናይት በመስኮት ስታያት በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኝ ስለነበር ነው። መሪውን ለሌላ ሰው መስጠት ደግሞ የማይሆን ነው። ሁሉ ነገሯ በእኔ እግርና በእኔ እጅ ልክ ስለተበጀ ሌላ ሰው ቢነዳት የመጀመሪያው ግንብ ላይ ነው የምትቆመው።

"እሺ" አሉ ጋሽ ደግፌ ብዙ ካሰቡ በኋላ። "ከአዲስ አበባ ከወጣን ግን አንተ ልጁ አይደለህም። ልጁ ቤቱ ነው ያለው። አንተ የተቀጠርክ ሹፌር ነህ። ዝም አይነቅዝም፤ አፍህን የከፈትክ ለታ እኔ በሚኒባስ እመለሳለሁ።"

ሐሙስ

ሚያዝያ ነበር። ፋሲካ አልፏል፤ የበልጉ ዝናብ ሲፈልግ ይጥላል፣ ሲፈልግ ይተዋል። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች በሚኒባስ መጥተው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡታጅራ አባቷ ደጅ ሊጠብቁን ተቀጣጥረናል። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ በቀጥታ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን ጉንችሬ የሚኖሩት የእናቷ ወንድም አስቀድመው ካልሰሙ ይቀየማሉ ስለተባለ በወልቂጤ ዞረን፣ ጉንችሬ አድረን፣ ተራራውን አቋርጠን ልንወርድ ሆነ።

ጋሽ ደግፌ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። በር ስለሌላት እግራቸውን አንስተው ገቡ። ሲቀመጡ እኔ በስንት ዓመት ሞርጄና በስቼ የቀነስኩት ክብደት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሰ፤ መኪናዋ ወደ እሳቸው ጎን ዘመም አለች። ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ።

"መስፍን፣ ወንበር የላትም እንዴ?" አሉኝ።

"ተቀምጠውበታል ጋሼ።"

የሰፈሩ ሰው ገፍቶ አስነሳን። እስከ ወልቂጤ ያለው መንገድ መልካም ነው፤ ችግሩ የእኛ ዝቅታ ነው። ከአይሱዙ ኋላ ስንሆን የሚታየን የአይሱዙው ሆድ ብቻ ነው። ሌላው መንገደኛ የጤፍ ማሳውን፣ ኮረብታውን እያየ ሲሄድ እኛ የማርሽ ሳጥንና የዘይት ጠብታ እያየን ሄድን። ጋሽ ደግፌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ "በዚህ ዕድሜዬ የመኪና ሆድ ዕቃ መርማሪ ሆንኩ" አሉ።

ወልቂጤ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። ዙሪያዋን ዞረ፤ ፋይበሩን በጣቱ አንኳኳ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

"ይቺን መኪና ጀምረሃት ነው ወይስ አልቃ ነው?" አለኝ።

"አልቃለች።"

"ታዲያ ሌላው የት አለ?"

"እሱን እኔም ከአዲስ አበባ ጀምሮ እየጠየቅሁት ነው" አሉት ጋሽ ደግፌ። ፖሊሱ ሳቀና መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ስለነበር ራሱ ከኋላ ሆኖ ገፋን። አዲስ አበባ ብዙ ትራፊክ አስቁሞኛል፤ ገፍቶ ያስነሳኝ የወልቂጤው ብቻ ነው።

ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ ሰው ናቸው። ክፍሉን ካሳዩን በኋላ ሰማዩን አይተው፣ "ዝናብ ሊመጣ ነው፤ እሷስ የት ነው የምታድረው?" አሉኝ። መኪናዋን ማለታቸው ነው። ግቢ ትደር አልኳቸው። ጣሪያ የሌላት ፍጥረት እንዴት ደጅ ታድራለች ብለው አራት እንግዶች ከራታቸው ላይ አስነሱ። ሰዎቹ እጃቸውን ታጥበው፣ አራቱን ማዕዘን ይዘው፣ መኪናዋን ብድግ አድርገው ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ መሐል አስቀመጧት። ከዚህ ጉዞ በሙሉ በቅለቷ የኮራሁት ያኔ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን እርጥብ ጃንጥላ ይዘህ አትግባ ነው የሚሉት። እዚህ ክትፏችንን ስንበላ መኪናዬ አጠገቤ ነበረች፤ አንዱ እንግዳ ኮፈኗ ላይ የቢራ ጠርሙሱን አሳረፈባት።

ዓርብ

ከወልቂጤ ወደ ጉንችሬ የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጭቃ ነው፤ ከመኪናዬ ሆድ አንጻር ደግሞ ግድግዳ ነው። በየጉብታው ላይ ሆዷ እየተጋደመ፣ ጎማዎቿ ባዶ አየር ላይ እየዞሩ ቀሩ። በየቦታው ሰው ከእንሰቱ መሐል ይወጣል፤ ሰላም ይላል፤ ይገፋል፤ ስሙን ሳይነግረኝ ይመለሳል። ጋሽ ደግፌ በቋንቋቸው ያመሰግናሉ። አንድ ጊዜ የሚገፋን ሰው ረዘም ያለ ነገር ነግሯቸው ሁለቱም ሳቁ። ምን አለ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አህያ ብንገዛ እንደሚሻለን ነው የመከረን።"

የሰናይት አጎት አቶ ሀብቴ ጉንችሬ ገበያ አጠገብ የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ ያሰቡትን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጋሽ ደግፌ የመጡበትን ጉዳይ ካስረዱ በኋላ አቶ ሀብቴ ወደ ደጅ ወጥተው መኪናዋን አዩ። እኔ ኮፈኗን ከፍቼ የምሠራ መሰልኩ።

"የልጁ ናት ያልከኝ ይቺን ነው?" አሉ።

"የልጁ ናት። ራሱ ነው የሠራት።"

"ብዙ ጊዜ ፈጀበት?"

ጋሽ ደግፌ እኔን አዩ፤ እኔ መሬት አየሁ። "ቆይቶባታል" አሉ።

"ያን ሁሉ ቆይቶ ጣሪያው ላይ ሳይደርስ ቀረ?"

"ጣሪያ ይከብዳል ነው የሚለው።"

አቶ ሀብቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለመኪናው ጣሪያ የከበደው ሰው፣ ለእህቴ ልጅ የቤት ጣሪያ በምን ጉልበቱ ያነሳል?"

ልመልስ አፌን ስከፍት ጋሽ ደግፌ በከዘራቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። ምሳ ቀረበ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ይበላል። ሹፌር ነኝና ጥግ ይዤ ልቀመጥ ስል አቶ ሀብቴ፣ "ሹፌር ነው የደከመው" ብለው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። እኛ አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ገብተን ቆጮ ስናዝዝ ሁለት ቁራጭ እንደ ጌጥ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡልናል። እዚህ ቆጮው ገበታውን ሞልቶ መጣ፤ ክትፎው በጣባ፣ አይቡና ጎመኑ በጎኑ። አቶ ሀብቴ ልጁን ይወቅሳሉ፤ እኔ መልስ ሊያመልጠኝ ሲል ጉርሻ ያጎርሱኛል። "በአርባ ዓመቱ መጫወቻ የሚሠራ" ይሉና አንድ ጉርሻ። "ቤት የሌለው" ይሉና ሌላ ጉርሻ። እንደዚያ ተሰድቤ እንደዚያ ጠግቤ አላውቅም።

ያደርንበት ጎጆ ጣሪያው ግሩም ነበር። መሐል ካለው ምሰሶ ተነስቶ ዙሪያውን የሚወርደው እንጨት አንድም ቦታ አልተዛነፈም። የንድፍ አስተማሪ ስለሆንኩ ተንጋልዬ ሳየው ቆየሁ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ሲነጋ አቶ ሀብቴ ለጋሽ ደግፌ፣ "እኔ አልከለክልም። ዘርጋ አባቷ ነው፤ እሱ ያለውን እላለሁ" አሏቸው። ከዚያ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ገምቦ ማር አምጥተው ጋሽ ደግፌ ጭን ላይ አስቀመጡ። ይከብዳል ለማለት ድፍረቱን አጣሁ።

ቅዳሜ

ተራራውን መውጣት ጀመርን። ብርድ ነው፤ ጉም ነው፤ ገብስና እንሰት ነው። አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ ሲወጣ የሚሰማኝ ብርድ ከዚህ ጋር ሲተያይ ሞቅታ ነው። ዳገቱ አናት አካባቢ ከኋላችን ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ። ወርጄ ሳይ ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል። ያለ እሱ ጥቂት ብንሄድ ሞተሩ ይቃጠላል።

"ትርፍ ይኖርሃል" አሉ ጋሽ ደግፌ።

ትርፍ ቺንጋማ አለኝ፤ አዲስ አበባ ቤቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከመነሳታችን በፊት ዕቃ ስቀንስ ነው የተውኩት። ከጋሽ ደግፌ ባርኔጣ አይከብድም ነበር። ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ገምቦውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ሩቅ ሩቅ ማየት ጀመሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ደጅ ላይ ያልተገኘ ሽማግሌ ንቆናል ነው የሚባለው፤ የናቀ ሰው ደግሞ ሁለተኛ በር አይከፈትለትም።

ዝናቡ ጀመረ። ጣሪያ ስለሌለን በመኪናው ውስጥና በውጭ መሐል የነበረው ልዩነት ውስጥ ያለው ውኃ መጠራቀሙ ብቻ ነው። እንዲህ ሆነን ሳለን አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ይዘው ከታች መጡ።

"አሰላሙ አለይኩም። ምነው እዚህ?"

ጋሽ ደግፌ አሳጥረው አስረዱ። ሰውየው ሐጂ ሽኩር ይባላሉ፤ ጠና ያሉ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ቅርብ ነው። ጎረቤት ጠርተው መኪናዋን ገፍተው ግቢያቸው አስገቧት፤ እኛንም እሳት ዳር አስቀመጡን። ለራት ሁለት ዶሮ ተያዘ። ሐጂ አንዷን ራሳቸው አረዱና ቢላዋውን አጥበው ለጋሽ ደግፌ ሰጧቸው፤ "የእናንተን እናንተ እረዱ፤ ቤቴ መጥታችሁ ሳትበሉ አታድሩም" አሉ። በሁለት ድስት ተሠራ፤ በአንድ ቤት ተበላ። እኔ አዲስ አበባ ከፎቅ በላይ ያለውን ጎረቤቴን ስም አላውቀውም።

ስለ ቺንጋው መፍትሔ ያመጡት የሐጂ ባለቤት እማማ ዘይነባ ናቸው። የተበጠሰውን አይተው ከእንሰት የወጣ ቃጫ አወረዱ፤ ጭናቸው ላይ እየፈተሉ ገመድ ገመዱ፤ ጫፍና ጫፉን አያይዘው ክብ አደረጉት። "ላም አስሬበታለሁ፤ መኪና ግን አስሬበት አላውቅም" አሉ። ይይዝ አይይዝ እሳቸውም እኔም አላወቅንም።

እሑድ

ማለዳ ገመዱን አስገባሁት። መንገዱ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩን ብዙም ሳልጠቀም ልወርድ ነው። ሐጂ ሽኩር ባዶ እጃችንን አልሸኙንም። ቡታጅራ አካባቢ በርበሬ ዝነኛ ነው፤ በደንብ የተፈጨ አንድ ከረጢት አምጥተው ከወንበሮቹ ኋላ አስቀመጡልን። ጋሽ ደግፌ ከልብ አመሰገኑ። እኔም አመሰገንኩ፤ የከረጢቱን አፍ ግን አላየሁም።

ቃጫው ያዘ። የከዳን ከረጢቱ ነው። በየጉድጓዱ ስንዘል አፉ እየተፈታ ሄዷል፤ ጣሪያ የሌላት መኪና ስትሄድ ደግሞ ነፋሱ ከኋላ ዞሮ ወደ ሰው ፊት ይመጣል። ቡታጅራ መግቢያ ላይ መጀመሪያ ጋሽ ደግፌ አነጠሱ። ቀጥሎ እኔ። ከዚያ ዓይናችን። አቁሜ እንዳልታጠብ ረፍዷል፤ ቤተ ክርስቲያን ከተፈታ ቆይቷል። በአንድ ዓይኔ እያየሁ፣ እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ነዳሁ።

ይህን አገር የማያውቅ ሰው ቢያነብበው ላስረዳ። ሽማግሌ በማለዳ ቢጠበቅ፣ ረፍዶበት ቢመጣ፣ ሲመጣም ዓይኑ ቀልቶ እያለቀሰ ቢሆን፣ ከአንድ ነገር በቀር ሌላ ትርጉም የለውም። መርዶ ነው።

የአቶ ዘርጋ ደጅ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎቻችን፣ ጎረቤቶችና ዘመዶች ቆመው ነበር። ጋሽ ደግፌ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲወርዱ እንባቸው ጋቢያቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሊናገሩ ሞከሩ፤ ሳል ያዛቸው። እጃቸውን አነሱ፤ አሁንም ሳል።

"ልጁ ምን ሆነ?" አሉ አቶ ዘርጋ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ የእህል ነጋዴ ናቸው።

"ልጁ..." ሲሉ ጋሽ ደግፌን ሳል አቋረጣቸው።

አንዲት ሴት፣ "በዚህ መኪና ነዋ! ተገልብጦበት ነው" ብላ ጮኸች፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። ከቤት ውስጥ ሰናይት ነጠላዋን ጥላ፣ በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች። እንደዚያ ዓይነት ፊት አይቼባት አላውቅም። መሪው ላይ ተቀምጬ እያነባሁ አየችኝ። አፍህን እንዳትከፍት ተብያለሁ፤ ዓይኔን ብቻ አርገበገብኩ። እሷ ባለችበት ደርቃ ቆመች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁም።

"በርበሬ" አሉ ጋሽ ደግፌ በመጨረሻ። "በርበሬ ነው። ልጁ ደህና ነው፣ ቤቱ ነው።"

ውኃ መጣ፤ ታጠብን። አቶ ዘርጋ አንድ ጊዜ ወደ ልጃቸው፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩና ሽማግሌዎቹን አስገቡ። እኔ ሹፌር ነኝና ደጅ ቀረሁ። ከውስጥ የጋሽ ደግፌ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቁጭ በሉ ሲሏቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ። እኔ ለመኪናዬ ያዘጋጀሁትን የክብር ቦታ፣ የሰናይት መስኮት ሥር ያለውን፣ አንዲት ፍየል ይዛዋለች።

ሰናይት የእጅ ውኃና ሳሙና ይዛ መጣች። ጎረቤት ሁሉ ያያል።

"ሹፌር፣ እጅህን አምጣ" አለች። ውኃውን እያፈሰሰች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሞተህ ነበር እኮ" አለችኝ።

"ሽማግሌዎቹ ምን እየተባሉ ነው?"

"አባቴ አዝኗል። ረፍዷል፤ ደግሞ አስደንግጣችሁታል። አላውቅም መስፍኔ።" ሳሙናውን ተቀብላኝ ገባች። አላውቅም ስትል ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም፤ ፈራሁ።

መልሱን ነገ እናገራለሁ አሉ አቶ ዘርጋ፤ ሽማግሌዎቹም እኔም እዚያው አደርን።

ሰኞ

ሌሊት ዘንቦ ኖሮ መኪናዋ ገንዳ ሆናለች። በጣሳ ውኃ እየቀዳሁ ስደፋ አቶ ዘርጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ።

"ደህና አደርክ ሹፌር?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ አባባ?"

ጎኗ ላይ በእጃቸው ተደገፉ። "ልጁን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ሽማግሌ እንደ ነጋዴ ነው፤ የያዘውን ዕቃ አያረክስም። እኔም ነጋዴ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አንተ ግን ተቀጥረህ የምትነዳ ሰው ነህ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ራሴን ማሞገስ የለመድኩ ሰው ነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሰዓት እናገር ነበር። ያን ዕለት ግን ጫማዬ ውኃ ጠጥቷል፣ ዓይኔ አሁንም ይቆጠቁጠኛል፣ ሐጂ ሽኩርና አቶ ሀብቴ ከፊቴ ድቅን ይላሉ።

"ክፉ አይደለም" አልኩ። "ጉረኛ ነው ግን። መኪናዬ ትታይልኝ ብሎ ትልቅ ሰው በዝናብ ያስደበደበ ነው። ከበደኝ ያለውን ይጥላል። ስኮርታ ጎማ ከበደኝ ብሎ ጣለ። ትርፍ ቺንጋ ከበደኝ ብሎ ጣለ። ሞተሪኖ ከበደኝ ብሎ ጣለና፣ ይኸው አገር ምድሩ ሲገፋለት ይውላል።"

አቶ ዘርጋ ፋይበሩን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

"ሰውም እኮ ይከብዳል" አሉ። "ልጄ ትታመማለች። ትወልዳለች። ታረጃለች። እኔም እሷ ላይ የምወድቅበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ከበደችኝ ብሎ ቢጥላትስ?"

"አልጥላትም" አልኩ።

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጣሳው እጄ ላይ ቀረ። አቶ ዘርጋ እኔን አዩ፤ ጣሳውን አዩ፤ እስከ ጉልበቱ የረጠበ ሱሪዬን አዩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ።

ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። እኔ ገበያ ሄጄ ቺንጋ ገዝቼ ተመለስኩና አስገባሁት። የራሴን ሽምግልና በገዛ አፌ አፈረስኩት ብዬ ነበር የማስበው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ከፊታቸው ምንም አይነበብም። ጋሽ ደግፌ ገብተው ተቀመጡና "ንዳ" አሉኝ። መኪናዋ መገፋት አለባት። የቤቱ ሰው ወጣ፤ ጎረቤት መጣ፤ አቶ ዘርጋም ጋቢያቸውን አስቀምጠው ከኋላ ቆሙ። መዳፋቸውን ከትከሻዬ ጀርባ ፋይበሩ ላይ አሳርፈው በኃይል ገፉ። መሸኘታቸው ይሁን ማባረራቸው አልገባኝም። ሰናይትን በመስኮት ፈለግኋት፤ አልነበረችም።

የቡታጅራ መንገድ ከኮረኮንቹ ጋር ሲተያይ ምንጣፍ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የረዘመው እሱ ነበር። ጋሽ ደግፌ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው አንቀላፉ፣ ወይም ያንቀላፉ መሰሉ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ፣ "ሹፌር መንገዱን ነው የሚያየው" አሉኝ።

ጥያ ስንደርስ ርቦኛል አሉና አቆምን። እዚህ ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል፤ ከሩቅ አገር ሰው ሊያያቸው ይመጣል። ስለ ድንጋዮቹ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን እኔ ሳይ የነበረው የጋሽ ደግፌን አፍ ነው። ጥብሳቸውን አንድ በአንድ፣ እየመረጡ በሉ። እጃቸውን ታጠቡ። ጥርሳቸውን ፋቁ። እኔ አንዲት ቁራሽ አልበላሁም።

"ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር። ምን አሉ?"

"ከሰኔ በፊት ተመለሱ ነው ያሉት።"

"ይህ እሺ ማለት ነው እምቢ?"

"አልጨረስኩም" አሉ። መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐሙስ ወዲህ በደንብ አዩኝ። "አቶ ዘርጋ የላኩልህ መልእክት አለ። 'ልጁ እንደ ወጉ ቤቱ ይቀመጥ። ስትመለሱ ግን ያንን ሹፌር ይዛችሁት ኑ' ብለዋል።"